ማርክ ብሎክ፤ ምስክርን መመርመር ያስተማረው የታሪክ መምህር

በትምህርት ቤት ሳለን ታሪክ ማለት የነገሥታትን ስምና ዘመን በቃል አጥንቶ በፈተና ቀን መወጣት ይመስለን ነበር። ፈተናው ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ ግን ከዚያ ሁሉ ቁጥር በአእምሯችን የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ የታሪክ ትምህርት ለወጣት የሚሰጠው ይህን ብቻ ከሆነ ድካሙ ስለ ምን ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ አጥብቆ ካሰቡበት ሰዎች አንዱ ማርክ ብሎክ የተባለው ፈረንሳዊ የታሪክ ሊቅ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የእርሱን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርክ ብሎክ በ1886 ዓ.ም. ሊዮን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ጉስታቭ ብሎክ የጥንቱን የሮማን ታሪክ የሚያስተምር የታወቀ መምህር ነበረ፤ ልጁም የአባቱን መንገድ ተከተለ። በፓሪስ ኤኮል ኖርማል ከሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በበርሊንና በላይፕሲክ ተምሮ ካበቃ በኋላ፣ በ1912 ዓ.ም. ሊሴ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ መጀመሪያ በሞንፔሊዬ ቀጥሎም በአሚየን ከተማ ወጣቶችን ያስተምር ጀመር።

ጁላይ 13 ቀን 1914 ዓ.ም. በአሚየን ትምህርት ቤት የሽልማት በዓል ሲከበር ንግግር የማድረጉ ተራ ለብሎክ ደረሰው። ርእስ አድርጎ የመረጠው የጀግኖችን ገድል አልነበረም፤ የምስክርን ነገር ነው። የታሪክ ጸሐፊ መርማሪ ዳኛን እንደሚመስል፣ ያለፈውን ነገር በዐይኑ ስላላየ ሥራው ሁሉ በምስክሮች ቃል ላይ እንደሚመሠረት፣ ምስክርም ሳይዋሽ ሊሳሳት ስለሚችል ቃሉን ሳይመረምሩ መቀበል እንደማይገባ ለተማሪዎቹ አስረዳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈረንሳይ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። ብሎክ በሃምሳ አለቅነት ዘምቶ፣ ሻምበል ሆኖና ስለ ጀግንነቱ ተሸልሞ ተመለሰ። በጦር ሜዳ ያየው ነገርም ያንኑ ትምህርቱን አጸናለት። በ1917 ዓ.ም. የእርሱ ክፍል ብሬን ከምትባል ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ በስተሰሜን ሳለ አንድ የጀርመን ወታደር ተማረከ። ምርኮኛው በሰላም ጊዜ ብሬመን በምትባለው የጀርመን ከተማ የሚነግድ ሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ በወታደሩ መካከል ሌላ ወሬ ተነዛ፤ ይኸውም ጀርመኖች ከጦርነቱ አስቀድመው በብሬን ነጋዴ መስሎ የሚኖር ሰላይ አስቀምጠው ኖሯል፣ እርሱም ተያዘ የሚል ነው። ሆን ብሎ የዋሸ ሰው አልነበረም። ጆሮ የማያውቀውን ስም በሚያውቀው ስም ለወጠው፤ ልብም በሰላይ ፍርሃት ተሞልቶ ስለ ነበረ ስሕተቱን ፈጥኖ ተቀበለው። ብሎክ ይህን ነገር በ1921 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ሲያብራራ፣ የሐሰት ወሬ የሚስፋፋው ሰዎች ገና ሳይሰሙት ሊያምኑት ተዘጋጅተው ሲቆዩ መሆኑን አሳየ። የእኛም አባቶች ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ከባልደረባው ከሉሲየን ፌቭር ጋር አናል የተባለውን መጽሔት መሥርተው፣ ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ነገር ብቻ ሳይሆን የገበሬው እርሻ፣ የገበያው፣ የእምነቱና የልማዱም ታሪክ መሆኑን አስፋፉ። በ1936 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሶርቦን ተዛወረ።

በ1939 ዓ.ም. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ብሎክ የ53 ዓመት ሰውና የስድስት ልጆች አባት ነበር፤ ሆኖም ፈቅዶ ዘመተ። ፈረንሳይ በ1940 ዓ.ም. በተሸነፈች ጊዜ የሽንፈቱን ምክንያት እንደ አንድ ምስክር ሆኖ ጻፈ፤ የራሱንም ትውልድ ጥፋት አልሸሸገም። በዚያው ዓመት አይሁድን ከመምህርነት የሚያግድ ሕግ ወጣ። እርሱ ስለ ሊቅነቱ በልዩ ፈቃድ ለጊዜው ቢያስተምርም፣ በፓሪስ የነበሩትን መጻሕፍቱን ጀርመኖች ወሰዱበት። መጻሕፍቱን አጥቶ ሳለ ስለ ታሪክ ጥቅምና አሠራር አንድ መጽሐፍ ጀመረ። መጽሐፉ የሚከፈተው አንድ ልጅ የታሪክ ጸሐፊ የሆነውን አባቱን ታሪክ ለምን እንደሚጠቅም ሲጠይቀው ነው። ብሎክ የልጁን ጥያቄ አልናቀም፤ መልስ የሚገባው ትልቅ ጥያቄ አድርጎ ያዘው እንጂ።

በ1943 ዓ.ም. በሊዮን የውስጥ አርበኛ ሆነ። በዚያ የጭንቅ ዘመን እንኳ ስለ ትምህርት ማሰቡን አልተወም፤ ተማሪ ለዕውቀት ሳይሆን ለፈተና ብቻ እንዲያጠና የሚያደርገውን ልማድ ነቅፎ፣ ከነጻነት በኋላ ትምህርት ከሥሩ እንዲታደስ ጻፈ። በማርች 1944 ዓ.ም. ጌስታፖ ይዞ አሠቃየው። ጁን 16 ቀን ሌሊት ከሌሎች እስረኞች ጋር ከሊዮን በስተሰሜን ወዳለ ሜዳ ተወስዶ በጥይት ተገደለ። ያልተጨረሰውን መጽሐፍ ባልደረባው ፌቭር በ1949 ዓ.ም. አሳተመለት። በኖቬምበር 2024 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ብሎክ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በፓንቴዎን እንዲከበር መወሰኑን አስታወቁ።

ስለ መጨረሻው ሰዓት አንድ ነገር ይተረካል። አጠገቡ የቆመ ልጅ ሲንቀጠቀጥ መምህሩ እጁን ይዞ አጽናናው ይባላል። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ ልባችን ተነካ፤ እውነት እንዲሆንም ወደድን። ነገር ግን የብሎክ ተማሪ የሆነ ሰው ማን አየ፣ ማንስ ሰማ ብሎ መጠየቅ አለበት። በእርግጥ ከተረሸኑት መካከል ሁለት ሰዎች በሕይወት ተርፈዋል፤ ሆኖም ልባችን የወደደውን ሁሉ ሳንመረምር ከተቀበልን፣ በብሬን የሰላይ ወሬ ከነዙት ወታደሮች በምን እንለያለን?

ስለዚህ የታሪክ መምህር ከዘመን ቁጥሩ ጋር ይህን አንድ ጥያቄ ለተማሪዎቹ ካስያዘ ሥራውን ሠርቷል እንላለን። ተማሪው ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ በሰው ላይ የተጻፈ ሪፖርት ይቀርብለታል። የዚያን ጊዜ ጸሐፊው ያየውን ጽፎ እንደ ሆነ ወይስ የሰማውን ብሎ ሳይጠይቅ ቢፈርም፣ የሚጎዳው የፈተና ማርኩ ሳይሆን የሰው እንጀራ ነው።