ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድ ምርምር መሪ

ኢትዮጵያ ካፈራቻቸው ስመ ጥር ሳይንቲስቶች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. በጅግጅጋ ከተማ ተወለዱ። ስማቸው ከእንዶድ ተለይቶ አይነሣም። እንዶድን ለኢትዮጵያውያን ያስተዋወቁት ግን እርሳቸው አይደሉም። የአገራችን እናቶች ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩትን ይህን ፍሬ ከወንዝ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው ምስጢሩን መመርመራቸው፣ የምርመራውንም ውጤት ፍሬው ወደተገኘበት ሕዝብ መልሰው ማምጣታቸው ነው ታላቅ ያደረጋቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ ለማ የከፍተኛ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአሜሪካ ሲሆን፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በፓቶባዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምሩ ትኩረታቸውን የሳበው ቢልሃርዚያ ነበር።

የሥራቸውን ፋይዳ ለመረዳት የበሽታውን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። ቢልሃርዚያ በጥገኛ ትል አማካይነት የሚመጣ ሕመም ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ ያለበት ሰው በውኃ አጠገብ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወደ ውኃው ይገባል። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ዕጭ በውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ፈልጎ ወደ ሰውነቱ ይዘልቃል፤ በዚያም ለሳምንታት ሲራባ ከቆየ በኋላ በሌላ መልክ ይወጣና በዚያው ውኃ የሚታጠበውን፣ የሚዋኘውን ወይም ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በዚያን ዘመን ቀንድ አውጣን ለማጥፋት የሚያገለግሉት ከውጭ የሚመጡ ኬሚካሎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ዋነኛው ኒክሎሳማይድ ነበር። ኬሚካሉ ይሠራል፤ ዋጋው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ በበሽታው ለሚጠቁት የገጠር ቀበሌዎች የሚደረስበት አልነበረም።

ወጣቱ ተመራማሪ በ1964 ወደ አድዋ የተጓዙት በአካባቢው ወንዞች የሚገኙትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነው። ወንዙን እየተከተሉ ናሙና ሲሰበስቡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው ይታዩ ነበር። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና አልነበረም፤ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው፣ አረፋውን ልብሱ ላይ እያፈሰሱ ነበር። አክሊሉ ለማ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አኖሩና ከሴቶቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

የዚያች ሴት ስም በታሪክ አልተመዘገበም። በዚያ ወንዝ ዳር ይሠሩ የነበሩት እናቶች እንዶድ የትኛውን እድፍ እንደሚያስለቅቅ፣ ፍሬው መቼ እንደሚለቀምና እንዴት እንደሚደርቅ ያውቁ ነበር። የጥገኛ ትሉን የሕይወት ዑደት የሚያውቀው ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነው ሰው ነበር። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ከወንዙ ጋር ፈስሰው በቀሩ ነበር።

እንዶድ በኦሮምኛ ሀንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ ተብሎ የሚታወቅ፣ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል ተክል ነው። አክሊሉ ለማ የመጀመሪያውን ግኝታቸውን በ1965 ይፋ ያደረጉት በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። ያን ጊዜ አንድ አፍሪካዊ ተመራማሪ የሥራውን ውጤት በቅድሚያ በውጭ አገር መጽሔት ማውጣት እንደ ክብር ይቈጥር ስለነበር ይህ ምርጫቸው ሊጤን የሚገባው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤቱ በዓለም ጤና ድርጅት የምርምር መጽሔት ላይ ታተመ። ፍሬው ደርቆ፣ ተፈጭቶና በውኃ ተበጥብጦ እጅግ በጥቂት መጠን ሲጨመር ቀንድ አውጣዎችን በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚገድል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም በውኃው ውስጥ ፈርሶ ኃይሉን እንደሚያጣ ተረጋገጠ። በዚሁ መጠን ዓሣን ሊጎዳ መቻሉም አልተሸሸገም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እርሳቸው ነበሩ። ኢንስቲትዩቱ የኢትዮጵያ በሽታዎች በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እንዲጠኑ የታሰበ ነበር። ሥራውም በቢልሃርዚያ ላይ ብቻ አልተወሰነም። ከውጭ አገር ባልደረቦችና ከወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በሊሽማኒያሲስ ላይ ያካሄዱት ጥናት በ1969 ታትሟል። ሥልጠናው በመማሪያ ክፍል ብቻ የሚሰጥ አልነበረም፤ ሰልጣኞች ወደ ወንዝና ወደ መንደር ይወጡ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት በእንግዳ ተመራማሪነት ሠርተዋል። በዚያም ከኬሚስቶች ጋር በተደረገው ምርምር ቀንድ አውጣን የሚገድለው ንጥረ ነገር የሳፖኒን ወገን መሆኑ ታወቀ። ሳፖኒን ውኃን የሚያረፋ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ልብስ የሚያነጣውና ቀንድ አውጣን የሚገድለው የአንድ ፍሬ አንድ ጠባይ ነበር ማለት ነው። ተለይቶ የወጣው ውሕድ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ሥራቸው ግን የተካሄደው ግኝቱ በተጀመረበት በአድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት፣ 17,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ፣ በአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ በወንዞቹና በጅረቶቹ ላይ እየተረጨ ውጤቱ በየጊዜው ተለካ። በሙከራው መጀመሪያ ከከተማው ሕዝብ 63 በመቶ ያህሉ የቢልሃርዚያ ትል ነበረበት፤ በመጨረሻው ቁጥሩ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በሽታው አዲስ እየተላለፈ መሆን አለመሆኑን የሚያሳዩት ሕፃናት ናቸውና የእነርሱ ውጤት የበለጠ ይናገራል። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆኑት መካከል የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አሉ።

ይህ ሁሉ ተመዝግቦ ሳለ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት ከሃያ ዓመት በላይ ወስዶበታል። ለጋሽ ድርጅቶች ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት የተክሉ ደኅንነት በታወቁ የውጭ ቤተ ሙከራዎች ደረጃ እንዲመረመር ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ በሕዝብ መጠጥ ውኃ ላይ የሚረጭ ነገር መመርመር አለበት። ምርመራውን የሚያካሂድ ገንዘብና መሣሪያ ግን በአፍሪካ አልነበረም። ባለገንዘቡም ውጤቱ ሳይጸድቅ ገንዘብ አይሰጥም፤ ገንዘቡ ሳይገኝ ደግሞ ውጤቱ አይጸድቅም። አክሊሉ ለማ በአፍሪካ የተገኘ ዕውቀት በአፍሪካውያን እጅ በመገኘቱ ብቻ እንደሚጠረጠር አጥብቀው ያምኑ ነበር፤ ይህንንም በየመድረኩ ከመናገር ወደኋላ አላሉም። በመጨረሻ በካናዳ ተመራማሪዎች ትብብር የተካሄደው የደኅንነት ግምገማ በ1991 ታተመ።

በአገሪቱ የፖለቲካ ለውጥ ሲመጣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከኢትዮጵያ ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ ኋላም በጣሊያን አገር በፍሎሬንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በኃላፊነት ሠርተዋል። እንዶድን ግን አልተዉም። በ1983 በዛምቢያ ሉሳካ፣ በ1986 በስዋዚላንድ ምባባኔ በተካሄዱት ዓለም አቀፍ የእንዶድ ዐውደ ጥናቶች ላይ የአፍሪካ ተመራማሪዎች ልምድ እንዲለዋወጡ ከመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

እርሳቸው በውጭ በነበሩበት ዘመን በአገር ውስጥ ሥራውን ካስቀጠሉት መካከል የግብርናና የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ዶክተር ለገሠ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው፣ ከፍተኛ ምርትና ኃይል ያለውን ዓይነት 44 የተባለውን ለይተዋል። አንዱ የወንዙን ሳይንስ፣ ሌላው የማሳውን ሳይንስ ይዘው የደከሙት ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በ1989 በስቶክሆልም፣ አማራጭ ኖቤል ተብሎ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ከሽልማቱ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳ ተራብቶ የውኃ ቧንቧዎችን ሲዘጋ፣ አክሊሉ ለማ በ1990 ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ጊዜ እንዶድ ይህንንም እንስሳ መግደል እንደሚችል ከዚያ ተመራማሪዎች ጋር አረጋገጡ። በዚህ ግኝት ላይ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠ። የእርሳቸው ስም ከፈልሳፊዎቹ መካከል ቢገኝም የመብቱ ባለቤት የኢትዮጵያ ሕዝብ አልነበረም። ጉዳዩ እስከ ዛሬ ድረስ የማኅበረሰብ ዕውቀት የማን ነው በሚለው ዓለም አቀፍ ክርክር ውስጥ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ተሰይሟል። በተላላፊና በሐሩር ክልል በሽታዎች በድኅረ ምረቃ ደረጃ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ እንዶድንና ሌሎች የመድኃኒት ዕፅዋትንም ያጠናል።

እንዶድ እርሳቸው እንደተመኙት በአገር አቀፍ ደረጃ የቢልሃርዚያ መከላከያ ዋና መሣሪያ ሊሆን አልቻለም። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ የመከላከሉ ሥራ በአብዛኛው የተመሠረተው በትምህርት ቤቶችና በማኅበረሰብ ደረጃ በሚሰጠው በዚህ መድኃኒት ላይ ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ወደዚያው ውኃ የተመለሰ ሰው ግን እንደገና ይያዛል፤ ቀንድ አውጣው በቦታው አለና።

ይህ በሐዋሳ የሩቅ ነገር አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ በአካባቢው መኖሩን አሳይተዋል። በመናኸሪያ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ የከተማው ክፍሎች የሚኖር፣ በሐይቁ ውኃ የሚሠራ፣ የሚዋኝ ወይም ልብስ የሚያጥብ ሰው ተደጋጋሚ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢገጥመው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ይገባዋል። ለሐኪሙም ከሐይቁ ውኃ ጋር ንክኪ እንደነበረው አስቀድሞ መንገር ምርመራውን ያቃልላል። የእንዶድ ፍሬ ልብስ የሚታጠብበት እንጂ የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም። መርዛማ ስለሆነ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናቶች እጅግ አደገኛ ስለሆነ፣ በምንም ምክንያት በአፍ መወሰድ የለበትም።

ባህላዊ ዕውቀት ያለው ማኅበረሰብ ወይም በዚህ ዕውቀት ላይ ምርምር ለማካሄድ የሚፈልግ ተቋም በበኩሉ፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት እንዲሁም ስለ ማኅበረሰብ መብቶች የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 መመልከት ይኖርበታል። በዚህ ሕግ መሠረት ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆ ካልፈቀደ ዕውቀቱን መውሰድ አይቻልም፤ ከሚገኘው ጥቅምም ድርሻ አለው። የፈቃድ ጥያቄ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።