ሮዶልፍ ቶፕፈር፤ በሥዕል ታሪክ የጻፈው መምህር

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጋዜጣ፣ በመጽሐፍና ዛሬ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ በተርታ የተሣሉትን ትንንሽ ሥዕሎች ከነጽሕፈታቸው እያነበብን ብዙ ጊዜ እንስቃለን። ነገር ግን ይህን ዐይነት ሥራ በመጽሐፍ መልክ አሳትሞ ለዓለም ያስተዋወቀው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ብዙ ሊቃውንት የዚህ ጥበብ አባት የሚሉት ሰው፣ ሠዓሊ ለመሆን ተመኝቶ ዐይኑ የከለከለው፣ ኑሮውንም በመምህርነት የገፋ የስዊስ አገር ሰው ነው።

ሮዶልፍ ቶፕፈር በጃንዋሪ 31 ቀን 1799 በጄኔቫ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቮልፍጋንግ አዳም ቶፕፈር በመልክዐ ምድርና በቀልድ ሥዕል የታወቀ ሠዓሊ ነበር። ልጁም የአባቱን ሥራ እያየ ስላደገ ከዚያ ሙያ በቀር ሌላ አይመኝም ነበር። ይሁን እንጂ ገና በወጣትነቱ የዐይን ሕመም ያዘው። የቀለም ሥዕል ብዙ ሰዓት አተኩሮ ማየትን ስለሚጠይቅ፣ ያን የሚወደውን ሙያ መተው ግድ ሆነበት። በ1819 ወደ ፓሪስ ሄዶ ጥቂት ጊዜ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ጄኔቫ ተመልሶ መምህር ሆነ። በ1823 ሚስት አገባ፤ ብዙም ሳይቈይ ለወንዶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ።

ቶፕፈር ተማሪዎቹን በክፍል ውስጥ ብቻ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። በዕረፍት ጊዜ ቦርሳቸውን አሸክሞ በእግር የአልፕስን ተራሮች ያዞራቸው ነበር። የነዚህንም ጉዞዎች ታሪክ ከሥዕል ጋራ ጽፎ በኋላ በ1844 በፓሪስ በመጽሐፍ አወጣው። በ1832 ደግሞ የጄኔቫ አካዳሚ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው።

ዐይኑ ከቀለም ሥዕል ቢለየውም እጁ ከብርዕ አልተለየም። በ1827 ለራሱና ለተማሪዎቹ ደስታ ብሎ የሙሴ ቪዮ ቧን ታሪክ ሣለ። ይህ ታሪክ ስለሚወዳት ሴት ብዙ መከራና ብዙ መሳቂያ ነገር የሚደርስበት ሰው ታሪክ ነው። ሥዕሎቹ በተርታ በአራት ማዕዘን ተከልለው፣ ከያንዳንዱ ሥር አጭር ጽሕፈት አለበት። ቶፕፈር በኋላ ስለዚህ ዐይነት ሥራ ሲያስረዳ፣ ሥዕሉ ያለ ጽሕፈቱ ትርጉሙ እንደሚደበዝዝ፣ ጽሕፈቱም ያለ ሥዕሉ ምንም እንደማይሆን አመልክቷል። አዲስ ነገር የሆነውም ይኸው የሁለቱ አንድነት ነበር።

እነዚህ የእጅ ሥራዎች ከሰው ወደ ሰው ሲዞሩ በ1830 እና በ1831 ገደማ እስከ ጀርመን አገር፣ እስከ ታላቁ ባለቅኔ እስከ ጎተ ደረሱ። ጎተ ያን ጊዜ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነበር። የሥዕሉን ታሪክ እያገላበጠ እጅግ ተደሰተ፤ ሰውየው ቁም ነገር ያለው ጉዳይ ቢመርጥ ደግሞ ከግምት በላይ የሆነ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ተናገረ። ይህ ምስጋና ለቶፕፈር ትልቅ ማበረታቻ ሆነው።

እንግዲህ የቀረው ማሳተም ነው፤ ነገር ግን በምን ዘዴ? በእንጨትና በመዳብ ላይ መቅረጽ የተለየ ሙያተኛ የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ሌላው መንገድ የደንጊያ ኅትመት ነው። ይህን ዘዴ አሎይስ ዜኔፌልደር የተባለ የባቫርያ ተውኔት ጸሐፊ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አግኝቶት ነበር። ብልሃቱ የተመሠረተው ቅባትና ውሃ ባለመዋሐዳቸው ላይ ነው። በለሰለሰ የኖራ ደንጊያ ላይ በቅባታም ቀለም ይሣላል፤ ደንጊያው በውሃ ይርሳል፤ ከዚህ በኋላ የማተሚያ ቀለም ሲደረግበት ቀለሙን የሚይዘው የተሣለው መሥመር ብቻ ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ የሚወጣው የደንጊያው ግልባጭ ስለ ሆነ፣ ሠዓሊው ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ መሣል አለበት። ሥዕሉን ገልብጦ መሣል ቢቻል እንኳ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሕፈት ወደ ኋላ መጻፍ እጅግ አድካሚ ነው።

ቶፕፈር ይህን ችግር ያመለጠው አውቶግራፊ በሚባለው ዘዴ ነው። ዘዴውን የፈጠረው እሱ ባይሆንም፣ ለሥዕል ታሪክ እንዲያገለግል ያደረገው እሱ ነው። ሥራውም እንዲህ ነው፤ ልዩ ሽፋን በተቀባ ወረቀት ላይ በተራ ብርዕና በቅባታም ቀለም እንደ ልብ ይሣላል፣ ይጻፋልም። ከዚያም ወረቀቱ በደንጊያው ላይ ተደፍቶ በመጭመቂያ ሲጫን ቀለሙ ወደ ደንጊያው ይተላለፋል። በደንጊያው ላይ የተገለበጠው ሥዕል ሲታተም እንደ ገና ስለሚገለበጥ፣ አንባቢው የሚያየው ልክ ሠዓሊው እንደ ሣለው ነው። ስለዚህ ሥዕሉም ጽሕፈቱም ከአንድ እጅና ከአንድ ብርዕ ወጡ፤ በመካከል ቀራጭ አልገባም።

ዘዴው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ረቂቅ ጥላና ለስላሳ ቅብ አይወጣበትም፤ የሚስማማው ለቀላልና ለፈጣን መሥመር ነው። ቶፕፈር ግን ይህን ጉድለት ወደ ጥቅም ለወጠው። ዐይኑ የደከመ ሰው የሚችለው ይህንኑ ፈጣን መሥመር ነበርና። በ1842 ስለዚሁ ዘዴ አንድ ድርሰት አወጣ፤ በ1845 ባሳተመው ሌላ ድርሰት ደግሞ የሰው ፊት በጥቂት መሥመር ቢሣልም ቍጣውን፣ ኩራቱን ወይም ሞኝነቱን ለመግለጥ እንደሚበቃ በብዙ ምሳሌ አሳየ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ሙሴ ዣቦ በ1833 ታተመ፤ ነገር ግን እስከ 1835 ድረስ ለሕዝብ አልተሠራጨም። አዲስ የተሾመ ፕሮፌሰር በመሳቂያ ሥዕል ስሙ ቢነሣ ክብሩ የሚጐዳበት ዘመን ነበር። ሆኖም ቶፕፈር ሥራውን አልጣለም። በ1837 ሙሴ ቪዮ ቧንና ሙሴ ክሬፔንን አሳተመ። ይህ ሙሴ ክሬፔን ዐሥራ አንድ ልጆቹን ለማስተማር አንዱን መምህር በሌላው ላይ እየለወጠ መከራውን የሚያይ አባት ነው፤ ደራሲው ራሱ መምህር ስለ ነበረ በሙያው ላይ መቀለድን ያውቅበታል።

መጻሕፍቱ ዝና ባገኙ ጊዜ በ1839 አንድ የፓሪስ አሳታሚ ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው እጅ አስገልብጦ አወጣቸው፤ የጄኔቫን መጽሐፍ በፈረንሳይ አገር የሚጠብቅ ሕግ አልነበረም። በ1842 ደግሞ ሙሴ ቪዮ ቧ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በኒው ዮርክ ታተመ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ይኸው ነው ይባላል።

የቶፕፈር ጤና ግን እየደከመ ሄደ። በ1845 ሙሴ ክሪፕቶጋም የተባለው ታሪኩ በአንድ የፓሪስ ጋዜጣ ሲወጣ፣ በእንጨት ላይ እንዲቀረጽ ያዘጋጀለት ሻም የተባለ ሌላ ሠዓሊ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በጁን 8 ቀን 1846 በተወለደበት ከተማ በ47 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህ ሰው የልጅነት ምኞቱን አላገኘም። ነገር ግን ያጣውን እየቈጠረ ከመቀመጥ ይልቅ፣ የቀረውን ብርዕና መሥመር ይዞ የሚስማማውን ዘዴ ፈለገ፤ በአባቱ መንገድ መሄድ ባይሆንለት ሌሎች የሚሄዱበትን መንገድ ከፈተ። እኛም ተማሪዎች አንዱ ትምህርት ወይም አንዱ ሙያ ሲዘጋብን፣ በእጃችን የቀረው ምን እንደ ሆነ አስቀድመን መመርመርን ከዚህ መምህር ብንማር መልካም ነው።