ሰር ሞርቲመር ዊለር፦ በጦር ቀጣና የሚገኙ ቅርሶችን የታደጉ መኮንን

አንድ ጥንታዊ ሥፍራ በጦር ኃይል ይዞታ ሥር ሲገባ የቅርስነት ዋጋው ሳይመረመር ለወታደራዊ አገልግሎት ቢውል ምን ጉዳት እንደሚደርስ አስቀድመው ከተገነዘቡት መኮንኖች አንዱ ብሪታኒያዊው የአርኪኦሎጂ ሊቅ ሰር ሞርቲመር ዊለር ነበሩ።

እ.ኤ.አ በ1890 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የተወለዱት ዊለር በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ተሰልፈው የጀግንነት ሜዳይ ተሸልመዋል። በኋላም በዌልስና በለንደን ሙዚየሞች በኃላፊነት ሠርተዋል። ከ1934 እስከ 1937 በደቡብ እንግሊዝ ሜይደን ካስል በተባለ ጥንታዊ ምሽግ ባካሄዱት ቁፋሮ መሬቱን በአራት ማዕዘን በመከፋፈልና የአፈሩን ንብርብር አንድ በአንድ በመመዝገብ የሙያውን አሠራር አጥብቀዋል።

በ1939 ወደ ሠራዊቱ ተመልሰው የፀረ አውሮፕላን መድፈኛ ክፍል በመምራት በ1942 በኤል አላሜይን ተዋጉ። የብሪታንያ ጦር በጥር ወር 1943 ትሪፖሊን ሲይዝ ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሚገኘው የሮማውያን ከተማ ሌፕቲስ ማግናም በእጁ ገባ። ሥፍራውን ሲቆፍር የኖረው የጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ነበር፤ የአክሱምን ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ያጓጓዘውም ይኸው አገዛዝ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ዊለር በሥፍራው ሲደርሱ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች በጥንታዊው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ይመላለሱ ነበር። የአየር ኃይል ባልደረቦችም በፍርስራሹ መካከል የራዳር መሣሪያ ለመትከል ተሰናድተው ነበር። አጥፊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ስለ ሥፍራው ምንነት የነገራቸው አካል ግን አልነበረም።

ዊለር በጉዳዩ ላይ የሥራ ባልደረባቸው ከነበሩት አርኪኦሎጂስት ጆን ዋርድ ፐርኪንስ ጋር በመሆን ለወታደራዊ አስተዳደሩ አሳሰቡ። በዚህም መሠረት ሌፕቲስ ማግናና ሳብራታ ለሠራዊቱ የተከለከሉ ሥፍራዎች እንዲሆኑ ተደረገ፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ተተከሉ፤ ለወታደሮች ስለ ሥፍራዎቹ ታሪክ ገለጻ ተሰጠ። የጣሊያን ቅርስ ጥበቃ ሠራተኞችም በሥራቸው እንዲቀጥሉ ሲደረግ፣ ዋርድ ፐርኪንስ ለዚሁ ተግባር ተመደቡ።

ጥንቃቄው ከፖለቲካም የተነሣ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጣሊያኖች በምሥራቅ ሊቢያ የምትገኘውን ቀሬናን መልሰው ሲይዙ፣ የብሪታንያ ጦር ሐውልቶችን ሰባብሯል፣ ሙዚየሙንም ዘርፏል የሚል ጽሑፍ ከፎቶግራፍ ጋር አሰራጭተው ነበር። ጉዳዩ ሲጣራ የተሰባበሩት ሐውልቶች ቀድሞውኑ ለጥገና የተቀመጡ፣ ባዶዎቹ መቆሚያዎችም ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያነሷቸው ቅርሶች የነበሩባቸው ሆነው ተገኙ። ሆኖም ጦሩ ሥፍራውን ሲረከብ የነበረበትን ሁኔታ አልመዘገበም ነበርና ክሱን ወዲያው ማስተባበል አልቻለም። ዊለር ይህን ጉድለት በሚገባ ያውቁት ነበር።

በመስከረም 1943 በጣሊያን ሳሌርኖ በተደረገው የማረፍ ዘመቻ ከተካፈሉ በኋላ፣ በ1944 የሕንድ የአርኪኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ሆነው እስከ 1948 አገለገሉ። ትእዛዝ አፍቃሪና ለበታቾቻቸው አስቸጋሪ እንደነበሩ የሚያውቋቸው ይመሰክራሉ፤ በታክሲላ ባቋቋሙት የሥልጠና ጣቢያ ግን በርካታ የሕንድ ወጣት ባለሙያዎችን አፍርተዋል። በ1952 የ"ሰር" ማዕረግ የተሰጣቸው ዊለር በ1976 አረፉ። ሌፕቲስ ማግናና ሳብራታ ከስድስት ዓመት በኋላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈሩ።