ባሕሩን ያልተሻገረው ድልድይ

ከነገሌ ቦረና የመጣን ተማሪዎች የሞላ ወንዝ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ከተማችን በገናሌና በዳዋ መካከል ናት፤ ከወንዝ ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ስለ ድልድይ ሠሪ ቢያነብ አይሰለቸውም። ስለዚህ የመሐንዲሱን የዴቪድ ስታይንማንን ታሪክ መረጥን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስታይንማን ያደገው በኒው ዮርክ፥ በብሩክሊን ድልድይ አጠገብ፥ በድኻ ስደተኞች ቤት ነው። ጋዜጣ እየሸጠ ተማረ። በ1911 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የነደፈው ድልድይ በ1936 ሄንሪ ሃድሰን ተብሎ ተሠራ፤ ሠሪውም ራሱ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋችን አቧራ ለሚጠጣብን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም!

በ1940 የታኮማ ተንጠልጣይ ድልድይ በነፋስ ተወዛውዞ ወደቀ። ስታይንማን ከዚያ በኋላ ነፋስን በብርቱ አጠና፤ በ1957 በተከፈተው በማኪናክ ድልድይ ወለል ላይም ነፋስ የሚያልፍበት የብረት ወንፊት አበጀ።

ትልቁ ዐቅዱ ግን ሲሲሊን ከዋናው የጣልያን ምድር ጋር ማገናኘት ነበር። በ1950ዎቹ ባቀረበው ንድፍ ከማማ እስከ ማማ 1,524 ሜትር ነው፤ በዚያን ጊዜ በዓለም አንደኛ የነበረው የጎልደን ጌት ድልድይ 1,280 ሜትር ብቻ ነበር። ከሥር ጥልቅና ፈጣን ባሕር አለ፤ የመሲናን ከተማ በ1908 ያፈረሰው የምድር መንቀጥቀጥም አልተረሳም። ገንዘቡም ብዙ ነው።

ስታይንማን በ1960 ሲሞት ንድፉ ወረቀት ላይ ነበር፤ የሲሲሊም መንገደኛ ዕቃውን ይዞ መርከብ ይጠብቅ ነበር።