ያልደረሰች ቀን አትቆጠርም

ውቤ በረሃ ሳድግ የሰፈራችንን በዓላት በቃላቸው የሚያወጡልን አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ እርሳስ እንኳ አያነሡም። ፕሮግራም መጻፍ ስማር ታዲያ እኔም በፓይተን አሠራዋለሁ ብዬ ለእድራችን የ2015 ዓ.ም. ካላንደር አዘጋጀሁ። ጉድ የሆንኩትም እዚያ ላይ ነው። በቅድሚያ ግን የሒሳቡን አባት ላስተዋውቃችሁ።

ቅዱስ ድሜጥሮስ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነው። እንደ ትውፊቱ ፊደል ያልቆጠረ የወይን አትክልተኛ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ዮልያኖስ ሊያርፍ ሲል፣ ያለ ወራቱ ወይን ይዞ የሚመጣ ሰው እንደሚተካው በራእይ ተነገረው፤ ወይኑን ይዞ የመጣው ድሜጥሮስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ189 ዓ.ም. ገደማ ተሾሞ 43 ዓመት ያህል አገለገለ። ባለትዳር ነው ብለው ሲያሙት፣ ከሚስቱ ጋር በድንግልና መኖራቸውን ልብሳቸውን ባላቃጠለ ፍሕም አሳየ ይባላል።

ትልቁ ምኞቱ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤም ከእሑድ እንዳይወጡ ነበር። ለዚህም ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባኤ ገባ። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 11 አበቅቴ ተባለ። 7 በ7 ደግሞ 49፤ በ30 ሲገደፍ የተረፈው 19 መጥቅዕ ሆነ።

እኔን የጣለኝ መጠነ ራብዒት ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ድርሻው ብቻ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ይደመራል፤ ድምሩ ለ7 ሲካፈል 1 ከተረፈ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። እኔ ግን ድርሻውን ራውንድ በሚለው ትእዛዝ አጠጋጋሁት። በ2014 ሞከርኩት፦ 7514 ለ4 1878.5 ነው። ፓይተን ግማሽ ሲያጋጥመው ወደ ተጋማሹ ቁጥር ስለሚሄድ 1878 ሰጠኝ፤ ቅዳሜ፣ ልክ ነው። በቃ ተሳካ አልኩ! ለ2015 ግን 1878.75ን 1879 አድርጎ እንቁጣጣሽን ሰኞ አዋለው። እውነተኛው እሑድ ነው። በ2018ም 1879.5 ወደ 1880 ስለሚሄድ ሐሙሱ ዓርብ ይሆን ነበር።

ደግነቱ ካላንደሩ ሳይባዛ መሪጌታው አዩት። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው አሉኝ፤ ሩቦቹ ሞልተው ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዓመቱ መጨረሻ እንጂ በመስከረም አይደለም። እኔ ገና ያልኖርናትን ቀን ቆጥሬ ኖሯል። ባላርመው ኖሮ ሰፈሩ ነነዌንና ዐቢይ ጾምን በተሳሳተ ቀን ሊጀምር ይችል ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ከማጠጋጋታችሁ በፊት ክፍልፋዩ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ቅዱስ ድሜጥሮስ ጥቅምት 12 ቀን ይታሰባል፤ እኔም በዚያች ቀን ኮዴን እፈትሻለሁ።