ክርስቲያን ዶፕለር

ክርስቲያን አንድሬያስ ዶፕለር (ኖቬምበር 29 ቀን 1803 – ማርች 17 ቀን 1853 እ.ኤ.አ.) የኦስትሪያ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ነበር። የኖረበት ጊዜ በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በስሙ የሚጠራው የዶፕለር ክስተት ዛሬ ከከዋክብት ጥናት እስከ ቀዶ ሕክምና ድረስ ያገለግላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕይወት

ዶፕለር በዛልዝቡርግ ከተማ ከድንጋይ ጠራቢዎች ቤተሰብ ተወለደ። ጤናው ደካማ ስለ ነበር የአባቱን ሙያ ሊወርስ አልቻለም፤ በቪየና ሒሳብና ፊዚክስ ተማረ። ከዚያም ቋሚ የመምህርነት ሥራ በማጣቱ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በጥጥ መፍተያ ፋብሪካ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆነ። በ1835 ተስፋ ቆርጦ ንብረቱን ሸጠና ወደ አሜሪካ ሊሰደድ ሲዘጋጅ፣ በፕራግ የመምህርነት ሥራ ስላገኘ ጉዞውን ተወ። በ1841 በፕራግ ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ሆነ።

ግኝት

ሜይ 25 ቀን 1842 በቦሄሚያ የሳይንስ ማኅበር ፊት ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም የጻፈውን ጥናት አቀረበ። ሐሳቡ የሞገድ ምንጭ ሲቀርብ ሞገዶቹ ይጠጋጋሉ፣ ሲርቅ ይራራቃሉ የሚል ነው። ለምሳሌ ከይርጋ ጨፌ ወደ ገደብ በሚወስደው መንገድ ዳር ለቆመ ሰው፣ ክላክስ እያሰማ የሚመጣ የጭነት መኪና ድምፅ ሲቀርብ ቀጠን፣ አልፎ ሲሄድ ወፈር ብሎ ይሰማል። ለሾፌሩ ግን አይለወጥም።

በ1845 ሆላንዳዊው ቡይስ ባሎት ሐሳቡን ለመፈተን ጥሩምባ ነፊዎችን በባቡር አሳፈረ፤ ሌሎች ሙዚቀኞች ከሐዲዱ ዳር ሆነው አዳመጡ። ሐሳቡ ለድምፅ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ። የከዋክብት ቀለም ግን በዋናነት ከሙቀታቸው የሚመጣ በመሆኑ ዶፕለር በዚያ ተሳስቶ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1850 የቪየና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ በዘር ውርስ ጥናት የታወቀው ግሬጎር ሜንዴል ነበር። በ1852 የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል ግኝቱን አጥብቆ ተቃወመ። ዶፕለር በሳንባ በሽታ ስለ ተዳከመ አየር ለመለወጥ ወደ ቬኒስ ሄደ፤ እዚያም በ49 ዓመቱ አረፈ።

በሕክምና

በ1950ዎቹ ጃፓናዊው ሺጌዎ ሳቶሙራ ክስተቱን ከአልትራሳውንድ ጋር አጣምሮ የልብንና የደምን እንቅስቃሴ ለማወቅ ተጠቀመበት። መሣሪያው ወደ ሰውነት የላከው ሞገድ ከሚንቀሳቀሱ የደም ሴሎች ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ስለሚለወጥ፣ ለውጡ በድምፅ ይሰማል። የፅንስ ልብ ምት የሚደመጥበት መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ነው።

በራስ ቅል ወለል ላይ ያለ ዕጢ በአፍንጫ በኩል ሲወጣ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ካልተደፈነ የአንጎል ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ማጅራት ገትርም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ ስስ ሽፋን ገፈው፣ ከደም ቅዳው ሳይለዩ ቀዳዳውን ይደፍኑበታል። ደም ቅዳው ከተጠመዘዘ ወይም ከተቆረጠ ሽፋኑ ሊሞት ይችላል። ቀጭን የዶፕለር መመርመሪያ በአፍንጫ አስገብተው የደሙን ድምፅ ማዳመጣቸው ለዚህ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይወጣ ማስተካከል ይቻላል። በዚሁ መሣሪያ ወደ አንጎል የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ ቦታ ለይተው እንዳይነኩትም ይጠነቀቃሉ።