ሯጩ ኤሪክ ሊድልና የግዞት ሰፈሩ ተማሪዎች

የሯጭ ስም የሚነሣው ባሸነፈበት ቀን ነው። ሜዳልያው በደረቱ ላይ ሲንጠለጠል ሕዝብ ያጨበጭብለታል፤ ጋዜጣም ፎቶግራፉን ያወጣለታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሌላ ፈጣን ሰው ይነሣና የፊተኛው ይረሳል። በትውልዱ ስኮትላንዳዊ የሆነው ኤሪክ ሊድል ግን ከዚህ ልማድ የወጣ ሰው ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ማግኘቱ ባይዘነጋም፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በጦርነት ጊዜ፣ በግንብ በታጠረ የግዞት ሰፈር ውስጥ፣ ከወላጆቻቸው ለተለዩ ተማሪዎች የሠራው ሥራ ስሙን እስከ ዛሬ ሲያስጠራው ይኖራል። በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ እንመለከታለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ልጅነቱና ትምህርት ቤቱ

ኤሪክ ሊድል በጃንዋሪ ወር 1902 ዓ.ም. በቻይና አገር ቲየንትሲን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱና እናቱ ወንጌል ለማስተማር ከስኮትላንድ ወደዚያ የሄዱ ሚሲዮናውያን ነበሩ። በዚያን ዘመን በሩቅ አገር የሚሠሩ ሚሲዮናውያን ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ አገራቸው መላክ ልማዳቸው ስለ ነበረ፣ ኤሪክም በ1908 ዓ.ም. ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከታላቅ ወንድሙ ከሮበርት ጋር ለሚሲዮናውያን ልጆች በለንደን ወደ ተቋቋመው አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ወላጆቹ ወደ ቻይና ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እናትና አባቱን የሚያያቸው ከብዙ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዕረፍት ሲመጡ ብቻ ሆነ።

ይህ ትምህርት ቤት በ1912 ዓ.ም. ቦታውን ለውጦ በኋላ ኤልታም ኮሌጅ የተባለው ነው። ኤሪክ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ፣ አራቱን የጦርነት ዓመታት ያሳለፈው በዚሁ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርታቸውን ከጨረሱት ታላላቆች መካከል ወደ ጦር ሜዳ ሄደው ያልተመለሱ ነበሩ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ግን የክሪኬቱ፣ የራግቢውና የሩጫው ውድድር አልተቋረጠም። በትንሽ ትምህርት ቤት አንድ ቡድን ለማቆም እያንዳንዱ ልጅ ያስፈልጋል። ደካማውም ሆነ ብርቱው ድርሻ አለው። ወላጅ በአጠገቡ ለሌለው ልጅ ደግሞ ቡድን ማለት ቤተ ዘመድ ማለት ነው። ኤሪክ በዚህ ሜዳ አድጎ የክሪኬቱና የራግቢው ቡድን አለቃ እስከ መሆን ደረሰ፤ ለምርጥ ስፖርተኛ የሚሰጠውንም የብላክሂዝ ዋንጫ ተሸለመ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝምተኛና ከትምክሕት የራቀ ልጅ እንደ ነበረ ርእሰ መምህሩ መስክሮለታል።

የፓሪሱ እሑድ

በ1920 ዓ.ም. ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይንስ መማር ጀመረ። በ1922 እና በ1923 ዓ.ም. ለስኮትላንድ የራግቢ ቡድን ሰባት ጊዜ ተሰለፈ። በሩጫውም በ1923 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሻምፒዮና 100 ያርድ በ9.7 ሴኮንድ ሮጦ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይሰበር የቆየ የብሪታንያ ሬኮርድ አስመዘገበ። በዚያው ወር ስቶክ በተባለች ከተማ በ440 ያርድ ውድድር ገና እንደ ተነሡ ተገፍቶ ወደቀ። ሌሎቹ 20 ያርድ ያህል ከቀደሙት በኋላ ተነሥቶ ሁሉንም አልፎ አንደኛ ወጣ። የሩጫው አኳኋን ያማረ አልነበረም፤ ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ክንዶቹን እያወናጨፈ ይሮጥ ነበር።

ለ1924 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ አገሩ ተስፋ የጣለችበት በ100 ሜትር ነበር። የውድድሩ ቀን ሲታወቅ ግን ማጣሪያው በእሑድ ቀን ሆነ። ሊድል ሰንበትን ለአምልኮ ብቻ የለየ ሰው ስለ ነበረ፣ ከ100 ሜትሩም፣ ፍጻሜያቸው በሰንበት ላይ ከዋለው ከሁለቱ የዱላ ቅብብል ሩጫዎችም ቀረ። ይህን በማድረጉ አገሩን እንደ ከዳ የቈጠሩት ብዙዎች ነበሩ። እርሱ ግን ከማንም ጋር ሳይከራከር፣ በቀሩት ወራት ብዙም ላልታወቀበት ለ400 ሜትር ልምምዱን ቀጠለ።

በዚያች እሑድ በፓሪስ በስኮትላንዳውያን ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሰጠ። 100 ሜትሩን የአገሩ ልጅ ሃሮልድ አብርሃምስ አሸነፈ። ሊድል ከጥቂት ቀናት በኋላ በ200 ሜትር ሦስተኛ ወጣ። በጁላይ 11 ቀን የ400 ሜትሩ ፍጻሜ ሲደረግ የደረሰው ከሁሉ ውጭ ያለው መስመር ስለ ነበረ፣ ተወዳዳሪዎቹን ሊያያቸው አይችልም ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ እንደ አጭር ርቀት ሯጭ በሙሉ ኃይሉ ሮጠ። ይደክማል ተብሎ ሲጠበቅ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በ47.6 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ሬኮርድ ሰብሮ ገባ። ሁለተኛው አሜሪካዊው ፊች በ48.4 ሴኮንድ ተከተለው።

ወደ ተወለደበት አገር

በዚህ ዝና ላይ ሌላ ዝና መጨመር ይችል ነበር። እርሱ ግን በሚከተለው ዓመት፣ በ1925 ዓ.ም.፣ ወደ ቲየንትሲን ተመልሶ በእንግሊዝና በቻይና ኮሌጅ የሳይንስና የስፖርት መምህር ሆነ። በ1932 ዓ.ም. የቅስና ሹመት ተቀበለ። በ1934 ዓ.ም. ፍሎረንስ ማኬንዚ የምትባለውን የካናዳ ሚሲዮናውያን ልጅ አገባ። በ1937 ዓ.ም. ጃፓን ቻይናን ስትወር፣ የከተማውን ኑሮ ትቶ ሐኪም የሆነው ወንድሙ ሮበርት ወደሚሠራበት የገጠር ሚሲዮን ሄደ። በ1941 ዓ.ም. የአገሩ ሁኔታ እየከፋ በመምጣቱ ነፍሰ ጡር የሆነችውን ባለቤቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ወደ ካናዳ ሸኝቶ እርሱ በሥራው ላይ ቀረ። ሦስተኛዋ ልጁ በካናዳ ተወለደች፤ አባትና ልጅ ግን ሳይተያዩ ቀሩ።

በግንቡ ውስጥ የነበረው ትምህርት ቤት

በማርች ወር 1943 ዓ.ም. ጃፓኖች በሰሜን ቻይና የነበሩትን የጠላት አገር ዜጎች ሰብስበው በሻንዱንግ ክፍለ ሀገር ዌይሺየን በተባለ ቦታ አስገቧቸው። ሰፈሩ ቀድሞ የአሜሪካ ሚሲዮን ግቢ የነበረ፣ ስፋቱ 200 በ150 ያርድ የሚሆን ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ 1,500 የሚያህሉ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ሙዚቀኞች፣ መነኮሳት፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ተጨናንቀው ይኖሩ ጀመር። ምግቡ ዳቦ፣ ማሽላና ጥቂት አትክልት ነበር። ለልጆች አጥንት መጠንከሪያ የእንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ይሰጣቸው ነበር። ሁሉም በየተራው ውሃ ይቀዳል፤ የድንጋይ ከሰል ይሸከማል፤ ለቈጠራም ይሰለፋል።

በ1943 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ በባሕር ዳር ከተማ የነበረው የቺፉ ትምህርት ቤት ከነመምህራኑና ከነተማሪዎቹ ወደዚሁ ሰፈር ተወሰደ። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የሚሲዮናውያን ልጆች ሲሆኑ፣ ወላጆቻቸው በጦርነቱ ምክንያት በሩቅ ክፍለ ሀገር ስለ ቀሩ ለዓመታት ሳያዩዋቸው ቆዩ። የሊድል ልጅነት እነሆ በፊቱ ተመልሶ ቆመ። እርሱም በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ነውና፣ እነዚህ ልጆች የጐደላቸው ምን እንደ ሆነ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም።

ትምህርቱ በሰፈሩ ውስጥ አልተቋረጠም። ከፍ ያሉት ተማሪዎች የኦክስፎርድን ፈተና በዚያው ተቀምጠው ተፈትነዋል። ሊድል ሳይንስ ያስተምር ነበር። የኬሚስትሪ ዕቃ ስላልነበረ፣ የመሣሪያዎቹን ሥዕል በደብተር ላይ በእጁ እየሣለ ተማሪዎቹ ያላዩትን እንዲያውቁት ያደርግ ነበር። ከትምህርት በኋላ ጨዋታውን ያደራጃል። ቅርጫት ኳስ፣ አሜሪካውያን የሚወዱት ሶፍትቦል፣ ደግሞም እንደ እኛ የገና ጨዋታ በቈልማማ ዱላ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ሆኪ ነበረ። ዱላዎቹ ሲሰበሩ አዲስ የሚገዛበት ስፍራ ስለሌለ፣ የአልጋ አንሶላ ቀዶ ይጠመጥምባቸውና ይጠግናቸው ነበር። ወጣቶቹ የሚያድሩባቸውን ሁለት ሕንጻዎች የመጠበቅ ኀላፊነትም ተሰጥቶት፣ ማታ ማታ የቼዝና የዳንስ ምሽት ያዘጋጅላቸው ነበር። ልጆቹ አጎት ኤሪክ ይሉት ነበር።

ይህ ሁሉ የተደረገው ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። ሥራ የፈታ ወጣት በጠባብ ግቢ ውስጥ ተዘግቶ ሲውል ለጥልና ለመጥፎ ዐመል ይጋለጣል። ሊድል በጨዋታ ሜዳ ሥርዐት ያገኘ ልጅ በሌላውም ነገር ሥርዐት እንደሚይዝ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ነበር።

ፊሽካው

እዚህ ላይ ነው ሊድል ከፓሪሱ ይልቅ ከባድ የሆነ ጥያቄ የገጠመው። በሰፈሩ የተደራጀ ጨዋታ በሰንበት እንዳይደረግ ተወስኖ ነበር፤ እርሱም የዚህ ሐሳብ ደጋፊ ነበር። ነገር ግን ሥራም ትምህርትም በሌለበት ቀን ወጣቶቹ ተሰላቹ። አንድ እሑድ ጥቂቶቹ በገዛ ፈቃዳቸው ወንድና ሴት ተከፋፍለው ሆኪ ጀመሩ። ዳኛ ስላልነበራቸው ጨዋታው ወደ ጠብ ተለወጠ።

ለሰንበት ሲል በዓለም ፊት ከሩጫ የቀረ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? ልጆቹን ሊገሥጻቸው፣ ወይም ሜዳውን ሊያስዘጋባቸው ይችል ነበር። በሚከተለው እሑድ ግን ሊድል ፊሽካውን ይዞ ሜዳው ላይ ተገኘ፤ ጨዋታቸውንም ዳኘላቸው። ይህን ያዩ ሰዎች ነገሩ ምን ያህል እንደ ከበደው ስለሚያውቁ ዕድሜ ልካቸውን ሳይረሱት ኖረዋል። የወርቅ ሜዳልያ ያላስለወጠውን ሐሳብ የልጆች ጠብ አስለወጠው። ለራሱ ክብር ሲል ያላደረገውን ለሌላው ጥቅም ሲል አደረገው።

መጨረሻው

በ1945 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሊድል ራሱን ያመው ጀመር፤ እርምጃው ዘገየ። ከድካም የመጣ ሕመም መስሎ ነበር፤ ነገር ግን በአንጐሉ ውስጥ እጢ በቅሎ ኖሯል። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 1945 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ በሰፈሩ ሆስፒታል ዐረፈ። ተማሪዎቹ በሰልፍ ቆመው አስከሬኑን አሳለፉ። መርዶው በካናዳ ለነበረችው ባለቤቱ የደረሰው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። በኦገስት 17 ቀን አሜሪካውያን ወታደሮች በፓራሹት ወርደው ሰፈሩን ነጻ ሲያወጡ፣ እርሱ ከሞተ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያረጀ የሩጫ ጫማውን ጠጋግኖ፣ በዚያ ክረምት ጫማ ላለቀበት ለአንድ የቺፉ ተማሪ ሰጥቶት ነበር። ለጠላት መጸለይ እንደሚገባም ያስተማረው እርሱ ነው። ያ ወጣት ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን አገር ሄዶ በሚሲዮናዊነት ብዙ ዓመታት አገለገለ።

በ1981 ዓ.ም. የፓሪሱ ታሪክ በፊልም ተሠርቶ የሊድል ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በ1991 ዓ.ም. የኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ከስኮትላንድ በመጣ ድንጋይ በዌይሺየን መታሰቢያ አቆመለት። ያደገበት ኤልታም ኮሌጅም የስፖርት አዳራሹን በስሙ ሰይሞታል።

ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጽኑ ሐሳብ ያለው ሰው ክብር ይገባዋል፤ ሆኖም ጽናቱ የሚፈተነው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ጥቅም ሲቀርብለት ነው፤ ያን ጊዜ እንቢ ማለት ይገባዋል። ሁለተኛው ደግሞ በእጁ ያሉ ሰዎች ሲቸገሩ ነው፤ ያን ጊዜ ደንቡን ከሰው አስበልጦ እንዳይዝ ራሱን መመርመር ይገባዋል። በፓሪስ የመጀመሪያውን ፈተና ያለፉ ብዙ ሊገኙ ይችላሉ። በዌይሺየን ሜዳ ፊሽካ ይዞ የቆመው ሰው ግን ሁለቱንም አልፏል።